በሳይንስ መጽሐፋችን ላይ ታትሞ ለደረሰኝ ደብዳቤዎ የተሰጠ መልስ

ለተከበሩ የከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን እንደሚያምዎ ከጸሐፊዎ ሰምቼ አዝኛለሁ። ስድስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስድስቱንም ጊዜ ሐኪም ቤት ሄደዋል ስለተባልኩ፣ ይህን ያህል የታከመ ሰው እስካሁን ድኖ እንደ አዲስ ሆኗል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቤተሰብዎም ሰላም ይሁኑልኝ። እኔ፣ እርስዎ ባይጠይቁኝም፣ ቆሜ እየሄድኩ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር ግድግዳ በምትጋራው ክፍል ውስጥ ዓይነ ስውር ልጆችን ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት የሆነኝ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ዘጠኝ ናቸው። ትልቋ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትወስድ ሦስት ወር ቀርቷታል፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከእኔ በቀር ብሬል የሚያነብ አዋቂ የለም። ይህን የማነሣብዎ አንድ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ገንዘብ ያዥ እንድሆንለት ጠይቆኝ፣ መልስሽን እስከ ዛሬ ዓርብ አሳውቂኝ ስላለኝ ነው። የሚከፍለኝ እርስዎ ከሚከፍሉኝ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ምን እንደመለስኩለት እነግርዎታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ቅሬታዬን በወጉ፣ እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የቤት አበል ጥያቄዬን «የሥራ ጫናዋ ዝቅተኛ ነው» በማለት ስለመለሱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ባለሙያዎ ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ሌላው መምህር ስልሳ ልጅ ሲይዝ እኔ ዘጠኝ ብቻ ስለምይዝ፣ የአንድ መምህር ስድስተኛ እንኳ አልሞላም ማለት ነው። እሰይ! ዳቦ ሻጩም በዚሁ ስሌት እንዲያስከፍለኝ አንድ የትብብር ደብዳቤ ቢጽፉልኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ለዘጠኙም የሚያነቡትን ሁሉ፣ ፊደሉን ከቀኝ ወደ ግራ እየገለበጥኩ፣ ነጥብ በነጥብ በመውጊያ የምወጋላቸው እኔ ነኝ። የጻፉትን ለሌሎች መምህራን ወደ ቀለም የምመልሰውም እኔው ነኝ። እናቱ ትወድቅብኛለህ ብላ ሰባት ዓመት ሙሉ ከቤት ያላወጣችውን ልጅ፣ ክንዱን ይዤ ደረጃ መውጣት ለማስተማር አንድ ወር ፈጅቶብኛል፤ የመጨረሻውን ደረጃ የረገጠ ቀን ሁለታችንም ጮኸናል፣ የጎረቤት ክፍል መምህርም ረበሻችሁን ብሎ ከሶናል። ጫናው ዝቅተኛ ነው ብሎ የፈረመው እጅዎ አይታመም።

2ኛ. ባለፈው ስብሰባ ስለ ኑሮ ውድነት ስናነሣብዎ፣ መምህር ቁጠባን ማወቅ አለበት ብለው ስለመከሩን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ምክርዎን ወዲያው ሥራ ላይ አዋልኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ፤ አከራዮቼ ሁሉ ደግ ሰዎች ስለሆኑ ኪራይ የጨመሩብኝ፣ ልጄ ምን ላድርግ፣ ዘይቱም ሽንኩርቱም እኔን መች ማረኝ እያሉ፣ ከልባቸው እያዘኑልኝ ነው። በወጣሁ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ አንድ ፌርማታ እርቃለሁ፤ በዚህ አያያዝ ለከርሞ ሌላ ከተማ ሆኜ ነው የማስተምርልዎ። ሁለት ታክሲ ነበር የምይዘው፤ ሁለተኛውን ትቼ አርባ ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ። እናቴ ስልክ ደውላ ምሳ በልተሽ ነው ወይ ስትለኝ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጥግብ ብያለሁ እላታለሁ። እናቴን መዋሸት የጀመርኩት በእርስዎ የኃላፊነት ዘመን ነውና ይህንንም ከስኬቶችዎ ጋር ይመዝግቡልኝ።

3ኛ. የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ መጽሐፍ በብሬል ስለሌለ፣ በሁለት የዕረፍት ጊዜዬ፣ አበል ሳልጠይቅ፣ ጣቴ እስኪላጥ ወግቼ ገለበጥኩት፤ አራት መቶ ሃያ ወረቀት ሆነ። የክፍላችን ጣሪያ ስለሚያፈስ (ስለ ጣሪያው የጻፍኩልዎን ማመልከቻ ውሃ በልቶታል) ትምህርት ሲዘጋ መጽሐፉን በካርቶን አድርጌ ለጽሕፈት ቤትዎ ንብረት ክፍል በአደራ አስረከብኩ። የንብረት ቆጠራ ኮሚቴዎም ካርቶኑን ከፈተ፤ ወረቀቱን ወዲህ ወዲያ አገላበጠ፤ ቀለም የነካው ነገር ቢያጣ «ያልተጻፈበት ወፍራም ወረቀት፣ ብዛት አራት መቶ ሃያ» ብሎ መዘገበው። አምስት የኮሚቴ አባላት፣ አምስቱም የተማሩ፣ በእጃቸው እየዳሰሱት፣ ይህ ጉርብጥብጥ ያለ ነገር ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልተገኘም። እንዲያውም ወረቀት በተወደደበት ጊዜ ወረቀት አገኙ ተብለው በስብሰባ ፊት ተጨብጭቦላቸዋል አሉ።

አበሌን የከለከሉበት ደብዳቤ የደረሰኝ በዚያው ወረቀት ላይ ታትሞ ነው። ገና ከፖስታው ሳወጣው አውራ ጣቴ አወቀው። ስለ ኩላሊት የጻፍኩት ገጽ ነበር። ልጆቹ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ትልቋ ተማሪዬ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ስትዳስሰው፣ የማተሚያው ማሽን ግማሹን ነጥብ ጨፍልቆታል፤ ኩላሊት ደምን እንደሚያጣራ አንብባ፣ ያጣራውን ቆሻሻ ወዴት እንደሚያስወግደው ሳታውቅ ቀረች። እዚያ ቦታ ላይ የእርስዎ ፊርማና ማኅተም አርፎበታል።

ወሬው ሲዳረስ የየትምህርት ቤቱ መምህራን፣ ጸሐፊዎችና ዘበኞች ሳይቀሩ ከእርስዎ ዘንድ የደረሳቸውን ደብዳቤ ሁሉ እየዳበሱ ያመጡልን ጀመር። እግዜር ይስጣቸው፣ እስካሁን ስልሳ ሦስት ገጽ ተሰብስቧል። ሳንባ በስብሰባ ጥሪ ላይ ተገኘ። የአፈር ዓይነቶች ለአንድ ርዕሰ መምህር በተሰጠ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላይ ተገኙ፤ ሰውየው እያፈሩ ነው የሰጡን። ስለ ድምፅ የሚያወራው ምዕራፍ ግን የለም፤ ለማን እንደላኩት ቢያስታውሱ ውለታዎን አንረሳም።

4ኛ. በአካል ጉዳተኞች ቀን ልጆቼን አዳራሽ አስጠርተው ስላዘመሩልን፣ ሲዘምሩም እንባዎን ስለጠረጉ፣ ለእያንዳንዳቸውም መፈክር የተጻፈበት ካናቴራ ስለሸለሙ እናመሰግናለን። ካናቴራው ላይ ምን እንደተጻፈ ሲጠይቁኝ «አካታች ትምህርት ለሁሉም» ይላል አልኳቸው። ትንሹ ሳቀ።

5ኛ. ይኼኛውን ሆድ ይፍጀው።

ለነጋዴው ትናንት ጠዋት እሺ ብዬዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ የቧንቧ መታጠፊያና መክፈቻ ለይቼ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ደስ አላለኝም፤ ደስ ብሎኛል ብል ራሴን ማታለል ይሆናል። ለትልቋ ተማሪዬ ራሴ ነገርኳት። ታለቅሳለች፣ ትቆጣኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ሁለተኛውን ታክሲ መተዌን ከአረማመዴ ካወቀች መክረሟን፣ የግራ ጫማዬ ሶል ተላቅቆ መሬት ሲመታ ከአምና ጀምሮ ስትሰማው መኖሯን፣ ይልቅስ ቀደም ብዬ መሄድ እንደነበረብኝ ነገረችኝ። ከዚያ የብሬል መጻፊያዋን ይዛ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅ ፈተናዋ ሲቃረብ ጥላ የምትሄድ መምህር አድርገውኛልና፣ ይህን ይቅር ልልዎ አልችልም። አልሞክረውምም።

ወንበርዎ የሚመች፣ ስብሰባዎ ምሳ ያለው፣ ወገብዎም በር ላይ ባለጉዳይ በመጣ ቁጥር የማይነሣብዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከዝቅተኛ የሥራ ጫና በተረፈኝ ጊዜ ይህን ጽፌ ስለማድከሜ ታላቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ መምህርት የነበርኩት

ግልባጭ፦
ለዘጠኙ ተማሪዎች (በብሬል)
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የልጆቹ እናቶች መሄዴን ሰምተው ትናንት ማታ ተሰብስበው መክረዋል። ሰኞ ክፍሉ መምህር ስለማይኖረው፣ ልጆቻቸውን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እርስዎ ቢሮ አምጥተው ሊያስረክቡዎ ወስነዋል። ቢሮዎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ የደረጃው መደገፊያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደሚቋረጥ፣ በርዎም በስተግራ አራተኛው እንደሆነ ለልጆቹ አስጠንቻቸዋለሁና በመንገድ ይጠፋሉ ብለው አይሥጉ። እናቶቹ የቀን ሥራ ስላላቸው ተመልሰው የሚወስዷቸው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ እርስዎ ያስተምሯቸዋል። ትልቋ ፈተና ስላለባት ከእሷ ይጀምሩ።