ስለ ባለቤቴ ወገብና ስለ እኔ ምላስ

ለከተማችን ሆስፒታል ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና የገዛ ክሴን መልሶ መዋጥን ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ታመው እርስዎ ራስዎ ወደሚመሩት ሆስፒታል ከመግባት ፈጣሪ ይሰውርዎ፤ መግባትዎ ካልቀረም እንደ እኔ ያለ አስታማሚ አይዘዝብዎ። ይህን የምመኝልዎ ከልቤ ነው።

እኔ ኃይለመስቀል የምባል፣ ከነገሌ ወዲህ ባለች በዚች የቆላ ከተማ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ፣ በመጨረሻም ርዕሰ መምህር ሆኜ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የወጣሁት ከትምህርት ቤቱ ነው እንጂ ከማስተማሩስ ማን ይገላግለኛል? ዛሬም ሰው የጀመረውን አረፍተ ነገር እኔ ካልጨረስኩለት እንቅልፍ አይወስደኝም። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ በዚህ አይደለም፤ በዶክተር ፊራኦል ላይ ክስ ያቀረብኩት ሰውዬ ነኝ። ምስጋናዬም ከዚያው ይጀምራል።

፩ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ አባይነሽ ከጥቅምት ጀምሮ ማታ ማታ እያተኮሳት፣ በላብ እየተጠመቀች፣ ወገቧን እየቆረጣት ሆስፒታልዎን ስትመላለስ፣ የበሽታዋ ስም ሳይታወቅ በጋው አልፎ ዝናብ ጣለ። በእነዚያ ወራት ታይፎይድ ነው ተባለ፣ ታይፈስ ነው ተባለ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው ተባለ፤ ቀጥሎ ጨጓራ፣ ቀጥሎ ኩላሊት፣ በስተመጨረሻም ሐሳብ ነው ተብላ እንዳታስብ ታዘዘች። እኔ ሰኞ ያስገባሁትን ክስ ግን እርስዎ በዚያው ሳምንት መርምረው፣ ዶክተር ፊራኦልን ወደ ሩቁ ተልተሌ አዛወሩልኝ። ሆስፒታልዎ ከበሽታ ይልቅ ለክስ እንዲህ ፍቱን መሆኑን ባውቅ ኖሮ ወገቧንም በክስ መልክ አስገባው ነበር።

፪ኛ. ከዶክተር ፊራኦል በፊት የነበሩት ሐኪሞችዎ ስላሳዩኝ አክብሮት አመሰግናለሁ። የት ጋ እንደሚያማት ሲጠይቋት እኔ ወገቧን ነው ስል አንዳቸውም አላቋረጡኝም። ከመቼ ጀምሮ? እኔ። ምግብ ይበላላታል? እኔ። የወር አበባዋ መቼ እንደቆመ ሲጠየቅ እንኳ፣ አፈር ልብላ፣ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ዓመቱን ስቼ። ታይፎይድ የሚለውንም ቃል መጀመሪያ ወደ ምርመራ ክፍሉ ይዤ የገባሁት ሌላ ማንም አይደለም። ታይፎይዷ ተነሥቶባት ነው አልኩ፤ ሐኪሞቹም ጨዋ ናቸውና የሽማግሌ ቃል መሬት ሳይጥሉ ጻፉት።

ጥሬ ወተት ትጠጣለች ወይ ተብሎም አንድ ጊዜ ተጠይቆ ነበር። ላሙም ግመሉም ፍየሉም በሞላበት በእኛ አገር ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ቆፍጠን ብዬ፣ ባለቤቴ ጾመኛ እንደሆነች፣ በፍስክም ቢሆን ወተት እንደማትወድ አስረዳሁ። አባይነሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች። እኔ ግን ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፌ ነበር።

፫ኛ. አሁን ወደ ዶክተር ፊራኦል ወንጀል ልምጣ። ልጁ በዕድሜ የመጨረሻ ልጄን ያህላል። ባለቤቴን በኦሮምኛ አካም ብሎ ሰላም አላት፤ የናጋውን፣ የደኅንነቱን ልውውጥ አንድ ሳያስቀር ጨረሰና መጠየቅ ጀመረ። እኔም መመለስ ጀመርኩ። አንዴ ታገሠኝ፣ ሁለቴ ታገሠኝ፤ ከዚያ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተና፣ አባቴ፣ የታመሙት እሳቸው ናቸው፤ እርስዎ ውጭ ትንሽ አረፍ ይበሉልኝ አለኝ። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተራ ከሚጠብቁት መካከል ሁለቱ የድሮ ተማሪዎቼ ነበሩ። ስንቱን ጎረምሳ ከክፍል ያስወጣሁ ሰውዬ ተባርሬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ሲነሡኝ ደግሞ ይብስ ደሜ ፈላ። በክሴ ላይ ያነበቡት «ክብሬን በአደባባይ ነክቶ» የሚለው ሐረግ የተወለደው እዚያች አግዳሚ ላይ ነው።

ውስጥ ግን ልጁ ባለቤቴን፣ እማማ፣ ከተነሡ ጀምሮ ምን ሲሠሩ ይውላሉ ብሎ ጠይቋት ኖሯል። ይህን ሌሎቹ ሐኪሞችዎ አልጠየቋትም፤ እኔም ብሆን ከተጋባን ጀምሮ የጠየቅኋት አይመስለኝም። እሷም ነገረችው። በየማለዳው ከሊበን ገጠር ከሚመጡት ሴቶች ወተት ተቀብላ አፍልታ ለሻይ ቤቶች ታከፋፍላለች። ሳትቀምስ ደግሞ አትገዛም። ውሃ የገባበት እንደሆነ፣ ያደረ እንደሆነ፣ ጮጮው፣ የወተት ዕቃው፣ ሲታጠን ጭሱ በዝቶበት እንደሆነ የምታውቀው በምላሷ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጮጮ በክዳኑ ጠብ አድርጋ፣ በጾም ቀምሳ ትተፋለች፣ በፍስክ ትውጣለች። መቅመስን መጠጣት ብሎ የሚቆጥር ደግሞ በእኛ ከተማ ወተት ገበያ አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ወተት አትጠጣም ማለቴ ውሸት አልነበረም። የሊበንን መንጋ ወተት ግን ጥሬውን ስትቀምስ ኖራለች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ ሳዳምጥ ኖሬአለሁ።

ደሟ ሀዋሳ ተልኮ ብሩሴሎሲስ የሚባለው፣ ላሞችን የሚያስወርደው፣ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፈው በሽታ ተገኘ። አከርካሪዋ ድረስ ገብቶ ነበር። ዶክተር ፊራኦል ወደ ተልተሌ ከመሄዱ በፊት ሆስፒታል አስተኝቷት መርፌና እንክብል አዘዘላትና፣ ለሳምንታት ሳይቋረጥ መወሰድ እንዳለበት፣ መሀል ላይ ከተቋረጠ በሽታው እንደሚያገረሽ፣ ያኔ እግሯም ሊከዳት እንደሚችል አስጠነቀቀን። ትኩሳቱ ለቀቃት። ባለፈው ሳምንት ግድግዳውን ይዛ እስከ መስኮቱ ሄደች። እኔም ፊቴን አዙሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ክሴ በዚያን ጊዜ እርስዎ ዘንድ ደርሶ ሥራውን ጨርሶ ነበር። ልመልሰው ቢሮዎ ደጋግሜ መጣሁ። አሉ ወይ ብዬ ስጠይቅ ምክትልዎ መለሰልኝ። አንብበውታል ወይ? ምክትልዎ። ምን አሉ? አሁንም ምክትልዎ፤ ያውም ሳይጠይቅዎ። አልፈርድበትም፣ ሙያውን አውቀዋለሁ።

፬ኛ. ስለ ላኩልን ምትክ ሐኪም አመሰግናለሁ። ካርዷን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ በሽታው በሆስፒታሉ በራሱ ቤተ ሙከራ ስላልተገኘ እንደማይቀበለው፣ ነገሩ ታይፎይድ እንደሚመስለው፣ መርፌውንም ከነገ ጀምሮ እንደሚያቋርጥ ነገረን። ከዚያም ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሮ፣ ምን ይመስልዎታል ጋሼ አለኝ። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ሕይወቴን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ ነበር። እኔ ግን ምላሴን ነክሼ፣ አላውቅም፣ እሷን ይጠይቋት አልኩ። የቀለድኩ መስሎት ከልቡ ሳቀና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። መርፌው አይቋረጥ። ዶክተር ፊራኦል ይመለስ። ክብሬ አልተነካም፤ ተነክቶም ከሆነ ከአባይነሽ ወገብ አይበልጥም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ የሚስቴን በሽታ በምላሴ ስደብቅ ከርሜ መድኃኒቱን ያገኘላትን ሰው አባረርኩ። ያባረርኩት ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ ምላሱ የእኔ ቢሆንም ማኅተሙ የእርስዎ ነው።

ለሰጡኝ ፈጣን መልስና ወደፊትም ለሚሰጡኝ ዝምታ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የቀድሞው ርዕሰ መምህር፣ የአሁኑ የኮሪደር ተቀማጭ፣
ኃይለመስቀል

ግልባጭ፦
ለዶክተር ፊራኦል፣ ተልተሌ፣ ከይቅርታ ጋር
ለአፌ፣ ለጥብቅ ክትትል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በሆስፒታሉ በር ላይ ከመለጠፌ በፊት ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ አሁንም በእሷ ፈንታ እያወራሁ መሆኔን አሳሰበችኝ። ስለዚህ በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ራሷ ቢሮዎ ገብታ ታነጋግርዎታለች። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፣ ለምጄዋለሁ፤ ምክትልዎንም ቢልኩልኝ ጠጋ እልለታለሁ። በእግሯ ከመጣች ያመጣት የዶክተር ፊራኦል መድኃኒት ነው። በቃሬዛ ከመጣች ግን የተሸከምናት እኔና እርስዎ ነን።