በባሕር ላይ ተጨማሪ ሳልከፍል ስላጣኋቸው ሰባ ሁለት ሰከንዶች

ይድረስ ለተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ድርጅት የደንበኞች ጉዳይ ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየሕንፃው ጣሪያ ላይ ያቆሟቸው ማማዎችም በሙሉ በደኅና እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በበኩሌ ባለፈው ወር ሰባት ቀን ሙሉ በመርከብ ስሸራሸር ቆይቼ አንዲት ሳንቲም ተጨማሪ የስልክ ክፍያ ሳልከፍል በመመለሴ፣ ወገቤ ትንሽ ቢያመኝም ኩራቴ ሙሉ ነበር። «ነበር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ ልመናዬን አስቀድሜ ልናገር። መርከባችን ወደቡን በለቀቀ በሁለተኛው ሰዓት ላይ ታናሽ ወንድሜ ደውሎ ሰባ ሁለት ሰከንድ የሚፈጅ የድምፅ መልእክት ትቶልኝ ነበር። ከወንድሜ ጋር ቃል ከተለዋወጥን ስድስት ዓመት አልፎናል። ያንን መልእክት ሳልሰማው ድርጅትዎ በመመሪያው መሠረት ሰርዞታል፤ እባክዎ ከጣሉበት ፈልገው ይመልሱልኝ። ሙሉውን መመለስ የሚያስቸግር ከሆነ የመጀመሪያዋን አንድ ሰከንድ ብቻ ቢልኩልኝ ይበቃኛል። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ «ጋሼ» ሳይል ንግግር ጀምሮልኝ አያውቅም ነበር፣ በተጣላን ቀን ግን «ስማ አንተ ሰውዬ» ብሎኝ ነው የወጣው፤ እናም በዚያች አንድ ሰከንድ ውስጥ ያለው ቃል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካወቅሁ፣ የቀረውን ሰባ አንድ ሰከንድ ራሴ እገምተዋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ሳልነግርዎ ልመና መጀመሬ ነውር ነውና ይቅርታ። ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቀመጥባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ በሚጠብቅባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ አንድ ዓይኔ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቼ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት ከጎኔ የተቀመጠው ወንድሜ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ስልኩ ላይ ማየት ስለጀመረ የጠረጴዛውን ግማሽ ለስልክ ጥገና እናድርገው ብሎ ሲለምነኝ፣ እኔ አፌን ሞልቼ፣ ቆሜ እያለሁ ስልክ የሚባል ነገር እዚህ ጠረጴዛ ላይ አይፈታም፣ ሰዓት ለማየት ስልክ የሚያወጣ ሰው ራሱ መጠገን አለበት አልኩት። እሱም መቆንጠጫውንና መብራቱን ይዞ ወጣ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ የስልክ ጥገና ከፈተ፣ እስከ ዛሬም ደጁ ሰው አይጠፋበትም። የእኔ ደጅ እንዴት እንደሆነ ባይጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ሽርሽሩ የእኔ ሐሳብ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት በነርስነት ያገለገለችው ባለቤቴ ጡረታ ስትወጣ፣ የሥራ ባልደረቦቿ አዋጥተው ለሁለት ሰው የሚሆን የመርከብ ትኬት ሰጧት። ሁለተኛው ሰው እኔ መሆኔን ያረጋገጥኩት ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ሳይ ነው። ቅሬታዎቼ አራት ሲሆኑ፣ እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

፩ኛ፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፋችሁን ይመለከታል። ከመሳፈራችን በፊት ከቢሯችሁ ያገኘሁት ባለ ሃያ ገጽ መመሪያ፣ መርከቡ ከየብስ ሲርቅ ስልክ በራሱ ጊዜ ከመርከቡ የሳተላይት መስመር ጋር እንደሚገናኝና ለእያንዳንዷ ደቂቃ የሚያስደነግጥ ዋጋ እንደሚታሰብ፣ ጉንዳን የጻፋቸው በሚመስሉ ፊደላት ይናገራል። ሌላው ደንበኛ ይህን ማንበብ እንደማይችል አምናለሁ፤ እኔ ግን የሙያ መሣሪያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ለዚህም ትምህርታዊ ጽሑፍ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ስልኬን ገና ወደቡ ላይ እያለን የአውሮፕላን ምልክት ያለበትን ነገር ተጭኜ ከመስመር አወጣሁት። ባለቤቴን ደግሞ ስላላመንኳት የእሷን ሲም ካርድ አውጥቼ፣ የሰዓት ብሎን በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩት። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ ያልተደመጠ የድምፅ መልእክት ከአምስት ቀን በኋላ ይሰረዛል የሚለውንም አንብቤው ነበር። ለባለቤቴ ጮክ ብዬ ካነበብኩላት በኋላ «ለእኛ ደግሞ ማን ይደውልልናል?» ብዬ መሳቄን እሷ እስከ ዛሬ ታስታውሰኛለች። ስለዚህ ይህን ቅሬታ በአክብሮት አንስቻለሁ፤ ሦስት ቀርተውኛል።

፪ኛ፤ ሰዓትን ይመለከታል። የእጄ ሰዓት ሱቄ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ለአምስት ወር ያህል ተራውን ሲጠብቅ ስለነበር፣ በጉዞው ላይ ሰዓት የማየው በስልኬ ነበር፤ እባክዎ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለው ይሳቁብኝ። በሁለተኛው ቀን መርከቡ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ፣ ከዓለም የተቆራረጠው ስልኬ ይህን ሳይሰማ ቀረ። ቁርስ ቤት ስገባ አስተናጋጆቹ ወንበሮቹን ጠረጴዛ ላይ እየገለበጡ ነበር። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ሰዓት አንድ ሰዓት እንደሚቀድም፣ ባለሙያ ስለሆንኩም በነፃ ላስተካክለው እንደምችል አስረዳኋቸው፤ ከዚያም ከተገለበጡት ወንበሮች አንዱን አውርጄ ወጣሁበትና ከኪሴ በማይጠፋው መፍቻ ጀርባውን ከፈትኩ። ነጭ የለበሰ መኮንን መጥቶ በጣም ትሑት በሆነ አነጋገር «አባት፣ ሰዓቱ ልክ ነው፤ እባክዎ ይውረዱ» አለኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሙያው ለኖረ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል የለም፤ ኩም ብዬ ወረድኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በማግስቱ አንዲት ደሴት ላይ ወርደን ባለቤቴ ቀድማኝ ወደ መርከቡ ስትመለስ፣ እኔ ስልኬ በአንድ ሰዓት ወደኋላ መቅረቱን ረስቼ፣ ገና ሰባ ደቂቃ እንዳለኝ በመተማመን የወደቡን ግንብ እየተደገፍኩ ባሕሩን ስቃኝ ቆየሁ። መርከቡ ሲንቀሳቀስ ሳይ መጀመሪያ ቦታውን የሚያስተካክል መሰለኝ። ባለቤቴ ከላይ ሆና ሁለት እጇን ስታወናጭፍም ሰላምታ መስሎኝ እጄን አውለብልቤ መለስኩላት። ተሳፋሪዎቹ ፎቶ እያነሱኝ በወደቡ ሠራተኞች ጀልባ ተጭኜ፣ በገመድ መሰላል እየተጎተትኩ ስገባ፣ ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ወደ ክፍላችን ወሰደችኝ። ማታ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከተኛች በኋላ «ወንድምህ ቢኖር ይሄን ስልክ በሁለት ደቂቃ ያስተካክልልህ ነበር» አለችኝ። ይህ ቅሬታ በማን ላይ እንደሆነ ስጽፈው እየተምታታብኝ ነውና እርስዎ እንደፈለጉ ይመዝግቡት።

፫ኛ፤ ነፃ ኢንተርኔትን ይመለከታል። መመሪያችሁ ወደብ ላይ ሲወርዱ ዋይፋይ ባለበት ቤት ገብተው ይጠቀሙ ብሎ በቸርነት መክሮኛል። አንድ ካፌ ገብቼ፣ የይለፍ ቃሉ ለተመጋቢ ብቻ ነው ስላሉኝ የማልወደውን የብርቱካን ጭማቂ በላይ በላዩ ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁና፣ በሕንፃችን ላሉ ጎረቤቶች ሁሉ የባሕር ፎቶ ላክሁ። አሥራ አራት ፎቶ ነው፤ አሥራ አንዱ ላይ አውራ ጣቴ ይታያል። የፎቅ ጥበቃችን «ጋሼ፣ አማረብዎት» ብሎ ሲመልስልኝ የልብ ልብ ተሰማኝና አራተኛ ብርጭቆ አዘዝኩ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ክቡር ኃላፊ፣ የወንድሜ ድምፅ እርስዎ ዘንድ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነበር። የአውሮፕላኗን ምልክት ለአንዲት ደቂቃ ባጠፋ ኖሮ መልእክት እንዳለኝ አውቅ ነበር። ለዚያች ደቂቃ የምከፍለው ከጭማቂው ያንስ እንደነበር ደግሞ በኋላ ነው የደረስኩበት።

፬ኛ፤ ይህ ዋናው ነው። በሰባተኛው ቀን ወደ ተነሳንበት ወደብ ተመልሰን የስልኬን መስመር ስከፍት፣ ከድርጅትዎ ዘጠኝ መልእክት ደረሰኝ። ሰባቱ ስለ ቅናሽ ጥቅሎች ነበሩ። ስምንተኛው ምንም ተጨማሪ ክፍያ እንዳልተመዘገበብኝ ገልጾ መልካም ቀን ተመኘልኝ፤ ለባለቤቴ ከፍ አድርጌ ያሳየኋትም ይህንኑ ነው። ዘጠነኛው የወንድሜን ቁጥርና የደወለበትን ሰዓት ጠቅሶ፣ የድምፅ መልእክቱን ርዝመት ሰባ ሁለት ሰከንድ ብሎ፣ በተወሰነው ጊዜ ስላልተደመጠ መሰረዙን አስታውቆ «ስለመረጡን እናመሰግናለን» በሚል ይደመደማል። ቁጥሩን ከስልኬ ካጠፋሁት ስድስት ዓመት ቢሆነኝም በቃሌ ነው የማውቀው። ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩና፣ ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» እያለች ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ስልኩን ሰጠኋት።

በማግስቱ ቢሯችሁ መጥቼ፣ ሰማንያ አራተኛ ተራ ይዤ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ፤ ቀለሙ አለመድረቁን ያወቅሁት ስነሳ ሱሪዬ ላይ ስለቀረ ነው። መስኮት ሰባት ላይ ያለችው ልጅ ጉዳዬን በትዕግሥት ሰምታ ኮምፒውተሯን ነካካችና «አባባ፣ አንዴ ከተሰረዘ አይመለስም» አለችኝ። እኔም ነገሩ ከባድ መሆኑን፣ ወንድሜ ነገር በሆዱ የሚይዝ ሰው መሆኑን፣ ምናልባት ታሞ ይሆን፣ ምናልባት ሊሰድበኝ ይሆን፣ ምናልባትም ስልኩ ኪሱ ውስጥ በራሱ ደውሎ ሰባ ሁለት ሰከንድ የሱሪ ድምፅ ብቻ ይሆን ብዬ ስዘረዝርላት፣ ልጅቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ «ታዲያ ለምን ራስዎ አይደውሉላቸውም? ሁለታችሁም የእኛ ደንበኛ ስለሆናችሁ እኮ ተጨማሪ ክፍያ የለውም» አለችኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ጃንጥላዬን እንኳ ሳልወስድ ወጣሁ።

ይህች ሠራተኛ በደንበኛ ፊት እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ጥያቄ መጠየቋ ከመመሪያችሁ ውጭ መሆኑን ስለምጠረጥር፣ ተገቢው ዕድገት እንዲሰጣት በታላቅ ትሕትና እጠቁማለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጥሩን በቀን ሦስት አራት ጊዜ እጽፈውና፣ የመጨረሻዋን አሃዝ ሳልነካ መልሼ አጠፋዋለሁ። የምፈራው መደወሉን ሳይሆን እሱ ማንሳቱን ነው፤ «ምን ፈለግህ?» ቢለኝ የምለው የለኝም። ወንድሜ ናፍቆኛል። ሰዓት ስፈታ ትንሿ ብሎን ከእጄ ካመለጠችኝ ከጎኔ ሆኖ የሚያገኛት እሱ ነበር፤ አሁን ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ብቻዬን እፈልጋታለሁ፣ ጎረቤቶቼም የምጸልይ እየመሰላቸው ቀስ ብለው ያልፋሉ።

እንግዲህ ክቡር ኃላፊ፣ ስለ መመሪያችሁ ጥራት፣ ስለ ዘጠኙ መልእክቶች፣ ስለ ቀለም የሚለቅ ወንበራችሁ፣ እንዲሁም በባሕር ላይ ስልክን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል በተግባር ስላሳያችሁኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ የተጠቀምኩበት እንደ መስተዋት፣ እንደ ባትሪ መብራትና እንደ ተሳሳተ ሰዓት መሆኑን ብቻ ለመዝገብ ያህል አሳውቃለሁ።

የዘወትር ታማኝ ደንበኛዎ፣ የመመሪያዎ ብቸኛ አንባቢ፣ ከተጨማሪ ክፍያ ነፃ መሆኑ በጽሑፍ የተረጋገጠለት፣ ለትልቅነት ሲል ስድስት ዓመት ዝም ያለ፣

ሰዓት ጠጋኙ

ሳልረሳው፦ ድርጅትዎ የሸጠልኝ ይህ ስልክ ባትሪው ግማሽ ቀን እንኳ አይቆይም። የእናንተ የጥገና ክፍል «አዲስ ይግዙ» ከማለት የተለየ መሣሪያ እንደሌለው ባለፈው ዓመት ስላየሁ እዚያ አላመጣውም፤ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሁለት መንገድ ተሻግሬ፣ ወንድሜ ሱቅ ይዤው እሄዳለሁ። ይህ ደብዳቤ የሚታተምበትን ጋዜጣ ወንድሜ ሁልጊዜ ከኋላው ገጽ ጀምሮ ስለሚያነብ፣ አዘጋጁን ለምኜ ደብዳቤዬ እዚያው እንዲወጣ አድርጌያለሁ። ስለዚህ እርስዎ መልስ ለመስጠት አይቸገሩ፤ ደብዳቤው የእርስዎን መልስ አይጠብቅም። ሊያየኝ ካልፈለገ ሰኞን ዘግቶ መዋል ይችላል፣ አልቀየምም። ከከፈተ ግን ባትሪውን ሲቀይርልኝ ያንን የሰባ ሁለት ሰከንድ ነገር በአፉ እንዲደግምልኝ እለምነዋለሁ፤ ስድብም ከሆነ፣ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።