ድስት ውስጥ የወደቀው ዳቦ

ይድረስ ለወንድሜ ለአሜዴ፣ አርጀንቲና።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ፣ ጉልበትህስ፣ ያ ከልጅነትህ የሚያምህ ወገብህስ? ሚስትህ ሮሳ፣ ልጆችህ፣ ከብቶችህ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከእጄ መንቀጥቀጥ በቀር ደህና ነኝ። ሞቷል ብለህ ከሆነ አልሞትኩም።

የሚጽፍልኝ ሰዓት ሠሪው ፊርሜን ነው። ያልኩትን ጻፍ፣ አታሳምር ብዬዋለሁ። ሃያ ዓመት ዝም ብዬህ ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቄህ እንዳይመስልህ፤ ተቀጥቼ ነው።

ባለፈው እሑድ እኔ፣ ፊርሜንና በየበጋው ከኔ ጋር ከብት ይዞ ተራራ የሚወጣው ቶቢ እኔ ቤት፣ ዳቦ በሹካ እየነከርን ልንበላ፣ አይብ በወይን አቀለጥን። ድስቱ የእናታችን ነው። ፊርሜን እንደ ልማዱ ይህ ምግብ የተወለደው በእኛ በኒውሻቴል ነው አለ። ቶቢም፣ "እናንተ ሰዓት እንጂ ላም መቼ ታውቁና? አይቡን ከእኛ ከግሩዬር ካልወሰዳችሁ ምን ልታቀልጡ ኖሯል?" አለው። እኔ ግን የፈጠረው ክረምት ነው አልኳቸው። በረዶ በሩን ሲዘጋበት፣ የደረቀ ዳቦና የደረቀ አይብ ብቻ የቀረው ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

በዚህ መሀል እጄ ተንቀጠቀጠና ዳቦዬ ከሹካዬ ወልቆ ድስቱ ውስጥ ሰጠመ። ድስቱ ውስጥ ዳቦ የጣለ እንደሚቀጣ ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ በሰባ አንድ ዓመቴ ጥዬ አላውቅም። ሁለቱም አዩ፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ። ቶቢ መስኮቱን ያያል፣ ፊርሜን መነጽሩን ይጠርጋል። አሜዴ፣ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። እንዲህ የሚታለፈው ለሕፃንና ሊሞት ለተቃረበ ሰው ነው። ሹካዬን አስቀምጬ፣ "ጥያለሁ፤ ቅጡኝ" አልኩ።

ቶቢ በአንድ ጠርሙስ ወይን ሊያልፈኝ ነበር። ፊርሜን ግን፣ "ወይንማ ጓዳህ ሙሉ ነው፣ ምን ይጎዳሃል? ከግድግዳ ሰዓቱ ኋላ የሸሸግሃቸውን የወንድምህን ደብዳቤዎች አምጣ። እኔ አነባለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ" አለኝ። ለካ ሰዓቱን ሊጠግን የመጣ ጊዜ አይቷቸው ኖሯል።

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ እንደታሸጉ ነበሩ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ በሰው እንዳስነብብ ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደም። በእናታችን ቀብር ማግስት የድርሻህን ላሞች ሸጠህ ስትሄድ "ወንድም የለኝም" ብዬሃለሁና፣ ስድብ የላክህልኝ መስሎኝ ነበር። ስድብ የለበትም። በሦስተኛው የጠየቅኸኝ፣ አይብ ባቀለጥክ ቁጥር ቅባቱ ለብቻ፣ አይቡ ለብቻ የሚሆንብህ ለምን እንደሆነ ነው። ስድስት ዓመት መልስ ጠብቀሃል።

መልሱ ይኸው። እሳት ታበዛለህ፤ ድሮም ችኩል ነህ። ሲለያይብህ አትድፋው። ከእሳቱ አውጣና ሞቅ ያለ ወይን ጠብ እያደረግህ ሳታቋርጥ አማስለው፤ ይመለሳል። ያን የሄድክበት ቀን በደጃፋችን እሳት ያበዛሁት ግን እኔ ነኝ። ፊርሜን ይህችን ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል፤ ልክ ሰምቷል።

ድስቱ ሲያልቅ ከስር የቀረችውን የአይብ ቅርፊት እንደ ልጅነታችን ለሁለት ሰበርኳት። ያንተን ድርሻ ማንም እንዲነካት አልፈቀድኩም። ሰኞ ጠዋት ደርቃ ሳገኛት እኔው በላኋት፤ ምግብ አይደፋም። ሹካህ ግን መሳቢያው ውስጥ አለች። ለመምጣት ካሰብክ ብዙ ክረምት አታሳልፍ።

ለሮሳ፣ ባላውቃትም፣ ታላቅ ወንድሜ ሰላም ብሎሻል በላት። ልጆችህን ኤልሳንና ኢኔስን ሳምልኝ። ቶቢም ሰላም ብሎሃል፤ ያችን ቀንደ ሰባራ ላም በርካሽ ሸጥክ እያለ ዛሬም ይቆጫል። ከዚህ በታች በፊርማ ፈንታ ያለችው የተጣመመች መስቀል የኔ ናት። ፊርሜን እጅህን ልደግፍልህ ቢለኝ እንቢ ብዬ ብቻዬን አሰመርኳት።

ወንድምህ ሲፕሪየን
ሻርሜ፣ ግሩዬር
የካቲት 3 ቀን 1926 እ.ኤ.አ.