ከጭዱ ሥር የነበረችው ጣውንቴ

ተሼ፣ የልጄ አባት፤

ከተለየኸኝ ሁለተኛው የገብስ አጨዳ አለፈ። ደህና ነን የምልህ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው እንጂ ደህና ሆነን አይደለም። ልጅህ ሰናይት በቁመት ደርሳብኛለች። ውሻው አሁንም ከሥራ በምትመለስበት ሰዓት በሩ ላይ ይቀመጣል።

ስለ ጣውንቴ ልንገርህ። ለውጡ ሲመጣ ወደ አገሩ የተመለሰው ፈረንጅ አለቃህ ትቶልህ የሄደውን ያቺን የዛገች የእሽቅድምድም መኪና ማለቴ ነው። የአድኃሪ ንብረት ደበቀ እንዳይሉህ ለላሟ በተከመረው የገብስ ጭድ ሸፍነሃት፣ እሑድ እሑድ በቤቱ በኩል ገለጥ አድርገህ ስትቀጠቅጥ ትውል ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀኝ አልጋ እየሠራ ነው እላለሁ። ይሄ ሁሉ አልጋ ለማን ነው እያሉ ስንቴ ሳቁብኝ።

ወንበሯ ሁለት ብቻ መሆኑን ያየች ቀን ሰናይት እኔስ ብላ አለቀሰች። ከወንበሮቹ ኋላ ባለችው ጠባብ ቦታ ሳንቃ ገጥመህ፣ በአሮጌ ካፖርትህ ጨርቅ ለብጠህ መቀመጫ ሠራህላት። ሞተሩ ሳይነሳ ግን ሕመምህ ቀደመን።

ያረፍክ ዕለት ዕድርተኛው ድንኳን ሊተክል የጭዱን ክምር ማንሳት ጀመረ። እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ፤ ምስጢራችን ትዝም አላለኝ። መንሹ ብረት ሲነካ ሁሉም እጁን ገታ። አለቀልን አልኩ። እነሱ ግን ጭዱን አራግፈው፣ ዙሪያዋን ይዘው ተሸክመው ከማድቤቱ ጀርባ አስቀመጧት። የቀበሌው ሊቀመንበር ራሱ በኋላ በኩል ይዞ ነበር። እስከ ዛሬ ነገሩን አንስቶብኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር ከሲሬ አንድ ባለወፍጮ ሞተሩን ሽጪልኝ ብሎ መጣ። እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ልለው ነበር። መኪናዋን ባየሁ ቁጥር አንተ እየመጣህብኝ ተቸግሬያለሁ። ሰናይት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰማችና ሄዳ ሳንቃዋ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯ ድረስ መጥቶ፣ አልወርድም አለች። ሰውየው ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የትራክተር ጋራዡ ጓደኛህ ገመቹ በየሳምንቱ እየመጣ የጀመርከውን ጨረሰ። ትናንት እኔን ከጎን አስቀምጦ፣ እሱ ውጭ እንደቆመ እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን አዞረ። መሪው ፊት ባለው ያንተ ወንበር ላይ መቀመጥ አልሆነለትም። ሞተሩ ትንሽ አንገራግሮ ተነሳ። ዞር ስል ሰናይት ከኋላ ተኮራምታ ተቀምጣለች። ወደ ፊት ነይ፣ ቦታ አለ ልላት አሰብኩና ተውኩት። ቦታ መኖሩን ነው መቀበል ያልቻልኩት፣ ተሼ።

ገመቹ መንዳት ላስተምርሽ ይለኛል። እማራለሁ። ሰናይትን ይዤ እስከ ዲክሲስ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ጉልበቷ አላስገባ ሲላት ወደ ፊት ትመጣለች። እኔ ግን መሪውን በያዝኩ ቁጥር ያንተን ቦታ እየጠበቅኩልህ መሆኑን አልረሳም።

ጣውንቷን የለመደች ሚስትህ