አራት አዲስ ጎማና አቶ ወልደየሱስ

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 1959 ዓ.ም.

ውድ አክሊሉ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጣቢታስ ደኅና ናት? ዱራሜ ገብታችሁ ጎጆ ከወጣችሁ ጀምሮ ልጽፍልህ ስነሳ ንዴቴ እየቀደመኝ እተወው ነበር። ዛሬ ግን ጉዳይ አለኝ፤ መጀመሪያ ይውጣልኝ።

ሁለታችንም ላንድሮቨር ነጂ፣ ሁለታችንም ጣቢታን ፈላጊ ነበርን። አባቷ አቶ ሀንዲሶ ማናችንንም ማስቀየም ፈርተው፣ "በጃንሆይ ልደት ቀን ሽማግሌ ላኩ፤ ደጄን ቀድሞ ለረገጠ ቃሌን እሰጣለሁ" አሉ። እኔ ለዚያች ቀን ብዬ አራት አዲስ ጎማ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ያንተ ጎማ እንደ አጎትህ እንደ አቶ ወልደየሱስ አናት የተመለጠ ነበር። ከፊት እንድትነሳ ዕጣው ለአንተ ሲወጣ እንኳ ሳቅሁ። በሐምሌ ጭቃ ቀድሞ መነሳት ምን ይረባዋል? የዶዮገና ዳገት ላይ አልፈዋለሁ አልኩ።

ዳገቱ ላይ፣ ሽማግሌህን አጎትህን ከፊት ወንበር የያዘው መኪናህ ሁለት ክንድ ወጥቶ አንድ ክንድ ይንሸራተታል። መንገዱ ሰፋ ሲልልኝ መሪዬን ስጠመዝዝ፣ የገዛ ሽማግሌዬ አቶ ላምቦሬ ትከሻዬን ያዙኝ።

"ወዴት ነው?"

"ልቀድመው ነዋ!"

"አቶ ወልደየሱስ እዚያ ተቀምጠው? የአባቴ እኩያ ናቸው'ኮ! ታላቄን ቀድሜ ደጅ ብረግጥ ማን ሰው ይለኛል?"

"አባባ፣ ይሄ'ኮ ውድድር ነው!"

"ውድድሩ የጎማህ ነው። ነውሩ የእኔ ነው።"

ወዲያው መኪናህ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ደስታዬ አፍታ አልቆየም። አቶ ላምቦሬ "ታላቅ ሰው ጭቃ ላይ አይጣልም" ብለው ጋቢያቸውን ሸብ አድርገው ወረዱ፤ ሌሎቹ ሽማግሌዎቼም ተከተሏቸው። ብቻዬን ቁጭ ብዬ ምን ልሁን? ወርጄ ገፋሁ። ባላንጣዬን ወደምወዳት ልጅ ደጅ በገዛ እጄ ገፋሁት! ያ የተመለጠ ጎማህም ባዶውን እየተሽከረከረ ጭቃውን ሁሉ ፊቴ ላይ ለጠፈው። የእኔ መኪና ከነአዲስ ጎማው ዳገቱ ላይ ቀረ።

አቶ ሀንዲሶ ያን ሁሉ ሽማግሌ ከአንድ መኪና ኋላ ሲያዩ "ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ሰው!" ብለው ተደነቁ። አቶ ወልደየሱስ ጸለዩ፤ ልጅቷንም ለአንተ ጠየቁ። የእኔዎቹ ታላቅ ሲናገር አይቋረጥም ብለው "አሜን" አሉ። ጣቢታ በበሩ ብቅ ብላ እኔን ስታይ ሳቀች፣ አንተን ስታይ ግን አቀረቀረች። ቀድሞውንም ልቧ ያንተ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። አክሊሉ፣ ከጭቃው ይልቅ እሱ ነው ያመመኝ።

ይኸው ወጣልኝ። አሁን ጉዳዬን ስማ። የሾኔዋን ከበቡሽን ወድጃለሁ። አንድ የቦኖሻ ነጋዴም ከነመኪናው ተነስቶብኛል። አባቷ የአማትህን ብልሃት ሰምተው ኖሮ ያንኑ ደገሙት፤ ውድድሩ የፊታችን ቅዳሜ ነው። አራቱንም አዲስ ጎማዬን ውሰድ፣ ምርቃት ነው። አጎትህን ብቻ አምጣልኝ። ከኋላ ብነሳም ግድ የለኝም፤ እሳቸውን ከፊት ወንበር ሲያዩ መንገድ ይለቁልኛል።

ቶሎ በል ብቻ። ነጋዴው ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ ሰው በየመንደሩ እያፈላለገ ነው አሉ።

ፊቱን ታጥቦ የሚጠብቅህ ወንድምህ፣
ተረፈ