የጥያቄ ዘጠኝ መልስ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ
አትላስ፣ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ። አራት ታካሚ፤ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ።
ከሰዓት በኋላ ሂካ የሚባል ወጣት እናቱን ወይዘሮ ደሪቱን ይዞ መጣ። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ወር። የልጅ ልጃቸውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ምራታቸው ጋዲሴ ግን “ጤነኛ ናቸው የሚል ወረቀት ካልመጣ ልጄን አልተውላቸውም” ብላለች። ከሟቹ ጋር ያወራሉ አሉ...
ከውጭ የመጣውን መጠይቅ፣ በአማርኛ የተተረጎመውን፣ ሞላሁ። ጥያቄ ዘጠኝ፦ “ሌላ ሰው የማይሰማው፣ ለእርስዎ ብቻ የሚነግርዎ አለ?”
“አለ እንጂ። ልቤ።”
“ምን ይልዎታል?”
“ዛሬ አትሂጂ ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም።”
“አለ” ላይ ምልክት አደረግሁ። ደንቡ ነው። ድምር ሰባት፤ ከሰባት ጀምሮ ሕመም ይጠረጠራል።

ኅዳር 4
መልሶቹን ደግሜ አነበብኩ። “ሰዎች ስለ እርስዎ ያወራሉ ብለው ያስባሉ?” ለሚለው፦ “አንቺ ጎረቤት የለሽም?”
ስለ ባላቸው፦ “ውሎዬን እነግራቸዋለሁ።”
“ይመልሳሉ?”
“በሕይወት እያሉስ መቼ መለሱ?”
ይህን የምመዘግብበት ሳጥን የለም።

ኅዳር 7
ስብሰባ። “ልቤ ነገረኝ” አነጋገር እንጂ ድምፅ አለመሆኑን ለኃላፊያችን ለዶክተር ፍስሃ በዝርዝር አስረዳሁ።
“ሳይንስ በአነጋገር አይሠራም” አሉ። “መድኃኒት ይጀምሩ።”
“ሌላ ምልክት አይተዋል?”
“ባላይም... እኚህ ሴትዮ ደህና እንዳልሆኑ ልቤ ነግሮኛል።”
ነርስ አስመረት ድንገት ሳል ያዛት። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ቃል በቃል አሰፈርኩ።

ኅዳር 9
ዶክተር ፍስሃ ቃለ ጉባኤውን ሊፈርሙ ሲያነቡ “ልቤ ነግሮኛል” ላይ ብዕራቸው ቆመ።
“ይቺ ትውጣ።”
“የወይዘሮ ደሪቱም ትውጣ?”
ሁለቱንም ሰረዙ። ጥያቄ ዘጠኝ “የለም” ሆነ፤ ድምር ስድስት። ሁለት ሰው በአንድ ቀን ተፈወሰ። ወረቀቱን ለሂካ ሰጠሁ።

ኅዳር 16
ጋዲሴ ደወለች። ልጅቷ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ አያቷ ጋ ትውላለች።
“ግን ዶክተር፣ አሁን እሷም አብራቸው ለሞቱት አያቷ ውሎዋን ትነግራለች። ላምጣት?”
“ስንት ዓመቷ ነው?”
“አራት።”
መጠይቁ ለአዋቂዎች ብቻ ነው አልኳት።
የልጆቹ መጠይቅ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ አልነገርኳትም። ዘጠኝ ገጽ።