በግራ ጆሮዬ የሚሰማኝ

ለንደን፣ ስትሪትሃም
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለብፅዓት
አዲስ አበባ

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? እኔ አለሁ። ቦይለሩ ተሠርቷል፣ ቤቱ ይሞቃል፣ እግሬም ደረጃውን ያወጣኛል። ስለ ጤናዬ ሌላም የምጽፈው አለ፤ ግን ቦታው ወደ ታች ነው። ዘለሽ እንዳታነቢ፣ በተራው አንብቢው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሙሉነሽ ናት። እናትሽ ታማ በተኛች ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ሾርባ ስታመላልስ የነበረችዋ ሙሉነሽ። ለወንድሟ ሠርግ ትመጣለች። ከእኔም ሹራብ ይዛለች። አዲስ አበባ አይበርድም እንዳትዪኝ፤ ኅዳር ላይ ጠዋቱ ምን እንደሚመስል አልረሳሁትም።

ለምን እንደ ሰው አይደውልም ትይ ይሆናል። በስልክ ሲሆን አንቺ ስቀሽ ታልፊዋለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ይህ ነገር እንዲቋረጥ አልፈለግሁም።

ነገሩ ይህ ነው፤ ዘፈንሽን ሰማሁት። እኔ ቃኝቼ የላክሁልሽ ግን አይደለም።

በግንቦት ድምፅሽን ልከሽልኝ፣ «አባዬ፣ ይኼን አንተ ካልቃኘኸው ለማንም አልሰጠውም» አልሽኝ። እዚህ ተወልደሽ፣ እዚህ ተምረሽ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ልዝፈን ብለሽ ከወጣሽ ወዲህ በሥራዬ ጉዳይ ስትጠይቂኝ የመጀመሪያሽ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን የመዝሙር ክፍል ሥራ ወደ ጎን አድርጌ በአንቺው ሥራ ላይ ተቀመጥሁ። ስንት ዘፋኝ በዚያች በምሠራባት ጠባብ ክፍል አልፏል፤ ከስቱዲዮ በኢሜይል ይመጣል፣ የወረደውን አነሣለሁ፣ የወጣውን አወርዳለሁ፣ ትንፋሹን አጸዳለሁ፣ መልሼ እልካለሁ። ወዳጄ ትኽአ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዳ «ዘፋኞች የዋሹትን እሱ እውነት ያደርግላቸዋል» ይላል። ይበል። ማንም አላስተማረኝም፣ ማንንም አላሳፈርሁም።

እንዴት እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን መስመሮች አጠፋቸዋለሁ። በፒያኖ ልክ የተሰመሩ ናቸው፤ የአንቺሆዬ ቅኝት ደግሞ በፒያኖ ልክ አይቀመጥም። በዐይናቸው የሚቃኙትን ወጣቶች «ጆሮ ያለው ሰው መስመር ምን ያደርግለታል?» እያልሁ ስሰድባቸው ኖሬአለሁ። ማዳመጫውንም በግራ ጆሮዬ ላይ ብቻ ነው የማደርገው። ቀኙን ክፍት የምተወው እናትሽ ከኩሽና ስትጠራኝ ካልመለስሁላት ትቆጣ ስለ ነበር ነው። ዛሬ የሚጠራኝ ባይኖርም ልማዴን አልለወጥሁም።

ድምፅሽን ስከፍተው ወርዶ አገኘሁት። ዝቅ ያለው ቦታ ደህና ነው፤ ከፍ ወደሚለው ስትደርሺ ግን ሁሌም ወርደሻል። ክራሩ በታችኛው ድምፁ በቦታው ነው፣ አንቺ የለሽም። ተናደድሁ። አዲስ አበባ ያሉት አስተማሪዎችሽ ምን ሲሠሩ ነው አልሁ። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ላይ ሳብሁት። ሁለተኛው አዝማች ከመግባቱ በፊት የምትስቢያትን ረጅም ትንፋሽም ቆረጥኋት፤ የደከመ ሰው ታስመስልሻለች።

ላክሁልሽ። «አባዬ፣ ፐርፌክት ነው! በጣም ነው የወደድኩት» ብለሽ በድምፅ መልእክት መለስሽልኝ። መልእክቱን አላጠፋሁትም።

ባለፈው ወር ካሌዶኒያን ሮድ ጸዳለ ካፌ ከትኽአ ጋር ተቀምጫለሁ። ቴሌቪዥኑ ዩቲዩብ እያጫወተ ነው። እኔ ጋዜጣ ይዣለሁ።

«አንታ ኃይሌ!» አለኝ ትኽአ በትግርኛው፣ ጠረጴዛውን እየመታ። «ይቺ ያንተ አይደለችም እንዴ?»

«ማን?»

«ልጅህ ናታ! ጸዳለ፣ ጨምሪው እባክሽ፣ አባትየው ደንቁሮብናል!»

ጸዳለ ድምፁን ከፍ አድርጋ እጇን እየጠረገች መጣች። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! እንዴት ታምራለች በሞቴ! እርስዎ ነዎት የቃኙላት?»

«እኔ ነኝ» አልኋት።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱ ሻይ ላከልኝ። አዝማቹ አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛው ሊገባ ሲል ትንፋሽሽ መጣች። እኔ የቆረጥኋት ትንፋሽ፣ እንዳለች፣ ሙሉዋን።

ሻዩን ሳልነካው ተነሣሁ። ትኽአ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ እያነከሰ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ተከተለኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ዋሽታኛለች።»

«ማን?»

«ልጄ።»

«ምን ብላ?»

«ቆንጆ ነው ብላ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ተወው። «ስማኝ» አለ። «ያን ጊዜ በበዓሉ ላይ የመዝሙር ክፍሏን አስካለማርያምን ወርደሻል ብለህ ያስለቀስካት ትዝ ይልሃል? እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። ግን አልወረደችም ነበር። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ አልወረደችም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ ይነገርሃል እንዴ?»

አውቶቡሱ መጣ። ሳልሰናበተው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ያጠፋኋቸውን መስመሮች አበራሁ። ያንቺን ከላይ፣ የእኔን ከታች፣ ክራሩን ከሁለቱ ሥር አድርጌ በዐይኔ አየሁት፤ እንደ እነዚያ እንደምሰድባቸው ልጆች። ከክራሩ ጋር የሚሄደው ያንቺ ነው። የእኔው ከፍ ባለው ቦታ ሁሉ ከክራሩ ተነጥሎ ወደ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰምተሽው ወዲያው ገብቶሻል ማለት ነው። ገብቶሽ ነው ፐርፌክት ያልሽኝ።

አሁን የጤናው ነገር። ትኽአ ሰላም አልሰጠኝም፣ ሆስፒታል ይዞኝ ሄደ። አንዲት ወጣት ሴት ማዳመጫ አደረገችልኝ። በቀኝ ጆሮዬ አንድ ድምፅ ሰጠችኝ፣ ቀጥላ በግራዬ።

«ሁለቱ አንድ ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም። የግራው ወርዷል።»

«ጌታዬ፣ የሰጠሁዎት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው።»

«እንግዲያው ማሽንሽ ተበላሽቷል፣ አሠሪው» አልኋት። ዌምብሊ ጋራዥ ስሠራ ሞተር ከግቢ ውጭ ሰምቼ ምን እንደ ጎደለው እናገር እንደ ነበርም ነገርኋት። ልጅቷ አልተቆጣችም። ማዳመጫውን አውልቃ የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ አድርጋ ገለበጠችውና እንደገና ሞከረች። ማሽኑ ከሆነ አሁን የሚወርደው በቀኝ በኩል መሆን ነበረበት።

አልሆነም። በግራዬ ነው የወረደው።

ማዳመጫውን አውልቄ ሰጠኋት። እሷም አስረዳችኝ። ግራ ጆሮዬ ዝቅ ያለውን ድምፅ እንዳለ ያመጣል፣ ከፍ ያለውን ግን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያቀብለኝ። ስለዚህ በወንዶች ድምፅ ላይ አልተሳሳትሁም። የሴቶቹ ነው የተበላሸው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም አለችኝ። የስንት ሴት ድምፅ በእጄ እንዳለፈ እኔ አውቃለሁ፤ ከእነሱም ውስጥ ፐርፌክት ነው ብላ ዝም ያለችኝ አንቺ ብቻ እንዳልሆንሽ አሁን ይገባኛል።

ሥራ አቁሜአለሁ። ለመዝሙር ክፍሉ ሌላ ሰው ፈልጉ ብያለሁ። ምክንያቱን አልነገርኋቸውም፣ አንቺም አትንገሪ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። በውሸትሽ ተቀይሜሻለሁ። ሰው አዝኖልኝ እንዲዋሸኝ አልፈልግም። እኔ አንድም ቀን አዝኜልሽ ዋሽቼሽ አላውቅም። ሕፃን ሆነሽ በገና ዕለት በሰው ፊት ስትዘምሪ ወርደሻል ብዬሻለሁ፤ እናትሽ ለሳምንት አኮረፈችኝ። ያኔ ጆሮዬ ጤነኛ ነበር፤ ያኔ ወርደሽ ነበር። ስለዚህ አሁንም እንዳለ እነግርሻለሁ። ዘፈንሽን በቀኝ ጆሮዬ ብቻ፣ ግራውን በእጄ ይዤ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። አንድ ቦታ እንኳ የሚነካ ነገር የለውም። ያቺ ትንፋሽም ያለ ቦታዋ አልገባችም። ይህን ያልሁት በጤነኛው ጆሮዬ ሰምቼ ስለ ሆነ ልታምኚኝ ትችያለሽ።

በግራውም ሰማሁሽ።

በግራው ስሰማሽ ድምፅሽ ይወርዳል፣ ይወፍራል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ይሻክራል። ክራሩን ዘግቼ አንቺን ብቻ አስቀረሁ። ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ ኩሽና ሄድሁ። ለምን እንደሄድሁ አላውቅም። እዚያ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ።

ብፅዓት፣ በዚህ ቤት የማላውቃቸው ሰዎች ድምፅ በየዲስኩ ተጠቅጥቆ ተቀምጧል። የእናትሽ የእሌኒ ግን የለም። «ነይ ልቅዳሽ» ስላት «ሂድ ወዲያ! እኔን ደግሞ ልታቃናኝ ነው?» ብላ የታጠበ ሳህን በእጄ ታስይዘኝ ነበር። አንቺም አብረሽ ትስቂብኝ ነበር። እሷ ስታርፍ ፎቶዎቿን ሁሉ ሰበሰብን፤ ድምፅ ግን ከየት ይሰበሰባል።

የሆስፒታሏ ልጅ ለግራ ጆሮዬ የሚሆን መሣሪያ አለ ብላኛለች። ትንሽ ነገር ነው፣ ከጆሮ ጀርባ ይቀመጣል። ለጊዜው እንግዳ ይሆንብዎታል፣ ሲለምዱት ግን ሁለቱ ጆሮዎችዎ ይቀራረቡና ድምፁ አንድ ይሆናል አለችኝ። ቀጠሮው ለሚመጣው ሐሙስ ነው።

አልሄድም። ትኽአ በዚህ ጉዳይ ሰድቦኛል፣ አንቺም ስታነቢው ትጮሂ ይሆናል። ለአውቶቡስና ለበር ደወል ቀኙ ይበቃኛል። ሰው ሲያናግረኝ እሰማለሁ። ሥራ እንደሆነ ትቼዋለሁ፣ አሁን ለማን ብዬ ነው አጥርቼ የምሰማው? ይህን ጉዳይ በስልክ እንዳታነሺብኝ።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። እናትሽ ሳህን ስታጥብ የምታንጎራጉረውን፣ ያን ግጥም የሌለውን፣ ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ ከሥሯ በርጩማ ላይ ቆመሽ አብረሻት ትዪው ነበር። እሱን በስልክሽ ቀድተሽ ላኪልኝ። ክራር አታስገቢበት፣ ስቱዲዮም አትሂጂ። እዚያው ቤትሽ ኩሽና ውስጥ ይሁን። ውኃው ቢሰማ፣ ሳህኑ ቢንኳኳ ግድ የለኝም። ትንፋሽሽንም አትደብቂ።

እኔ አልነካውም።

እናትሽ ለአንቺ የጸለየችው ሁሉ አንድም ሳይቀር ይድረስሽ። ጉሮሮሽን ከብርድ፣ ልብሽንም እንደ እኔ ካለ ሰው እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ። ሹራቡን ልበሺው።

አባትሽ
ኃይለልዑል